የፊት ፍሬን የሌላት ቀይ ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት ጠባሴ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የአጎቴ ልጅ ግዛው ሲያወራ ሰማሁ። ከአዲስ አበባ እየመጡ እስከ አንኮበር በብስክሌት ስለሚጋልቡት ወጣቶች ተነስቶ ነበር። ግዛው ንፍሮውን እየዘገነ፣ «እዚህ አገር ብስክሌት ማከራየት የጀመርነው እኔና እቺ ዘመዴ ነን። ምን ያደርጋል፣ ፈርታ አዘጋችው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ መልስ አይሰጥም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ድንኳን የለም።

ብስክሌት የወደድሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባቴ ሲሞት ሥራ ይመላለስባት የነበረችው ብስክሌት ለእኔ ቀረች። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው። በጥቅምት ውርጭ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ፣ በጠዋት ወደ ጫጫ መንገድ ስጋልብ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ስትወጣ የሚባለውን ሁሉ ተብያለሁ፤ ያሉትም ሰዎች ያውቁታል፣ አልደግመውም። ግዛው መጥቶ «የምትወጂውን ነገር ለምን እንጀራ አናደርገውም?» ሲለኝ አመንሁት። አራት አሮጌ ብስክሌቶች አሰባስበን ገበያው ዳር ማከራየት ጀመርን።

ከዚያ ወዲያ መጋለብ ቀረ። ሰው ይጋልባል፣ እኔ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ካቴና አጠብቃለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ዕቃ ስለማይገኝ ከአንዷ ነቅለን ለሌላዋ እንገጥም ነበር። ፍሬን ደግሞ በሜዳ ከተማ ማን ይፈልገዋል? ደንበኞቻችን መቆም ሲያምራቸው የጫማቸውን ሶል የኋላው ጎማ ላይ ይጫኑታል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ለማንም አንነግርም ነበር። አንድ ዓርብ የቀይዋን ብስክሌት የፊት ፍሬን በገዛ እጄ ፈትቼ ለአረንጓዴዋ ገጠምሁት። የቀይዋ የኋላ ፍሬን ላይ ያለው ላስቲክ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፤ ሲረጥብ አይዝም። ግዛው አጠገቤ ቆሞ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር። ይህን ዛሬ አያነሳውም።

በማግስቱ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ቀይዋ የለችም።

«ማን ወሰዳት?» አልሁት ግዛውን።

«አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ሁሴን የሚባል። መኪና አመለጠው። ነገ ዓረፋ ነው፣ ልጆቼ ጋ ልድረስ ብሎ ለመነኝ። ሰኞ ይመልሳታል።»

«አልዩ አምባ? ያን ሁሉ ቁልቁለት? ፍሬን እንደሌላት ነግረኸዋል?»

«ትልቅ ሰው አይደል እንዴ፣ ሲወርድ ያየዋል» አለና ቆሎውን ቃመ።

አረንጓዴዋን ይዤ ወጣሁ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ የገብሱ ማሳ ከግራም ከቀኝም ውሃ አዝሏል፣ ኮረኮንቹ መሪውን ከእጄ ይነጥቀኛል። ጠዋት ከቀመስሁት በሶ ሌላ በሆዴ የለም፤ ረሃቡም አልተሰማኝም። በየመታጠፊያው ቀይ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ያየሁ እየመሰለኝ ዓይኔን ልጨፍን እደርሳለሁ። በግ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ በብስክሌት የሄደ ሰው አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ባልሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ቢሆንስ ምን ታመጪያለሽ? በእግሩ የኮበለለ ባል እንኳ አይደረስበትም፤ ይኼ በጎማ ነው የሄደው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አንኮበር፣ ጎረቤላ ስደርስ ከተማው ጉም ለብሷል። አንዲት ሻይ ሻጭ፣ «ሰገደ፣ ሻዩን ጠጣ፣ አሁን ወረደ» አለችኝ። ከዚያ በታች መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ይጥመዘመዛል። እኔ የፊት ፍሬን እያለኝ መጋለብ ስላልደፈርሁ ወርጄ እየገፋሁ ተከተልሁ። ጉሙ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም። ተጣራሁ፤ የሚመልስልኝ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ጭቃው ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ መስመር አየሁና ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ወረድሁ። አንድ ቦታ መንገዱ ታጠፈ፤ መስመሯ አልታጠፈችም።

እዚያ ቆምሁ። ወደ ታች መመልከት አቃተኝ። አረንጓዴዋን መሬት ላይ አጋደምኋት። ከዚያ ከሥሬ «ያ ረቢ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የዛፍ ሥር በእጄ እየያዝሁ ወረድሁ። አንድ የጥድ ግንድ ይዞት ኖሯል። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ክንዱ ባልተለመደ በኩል ታጥፏል። ብስክሌቷ የለችም፤ ወደ ታች ሄዳለች።

«ማነሽ?»

«ከደብረ ብርሃን ነኝ። የብስክሌቶቹ ባለቤት ነኝ፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። እጄ እንጂ ነፍሴ ደኅና ናት። ወላሂ ፍሬኑን ጨብጬዋለሁ፣ አልያዘም። እንዲህ መሆኑን ታውቂ ነበር እህቴ?»

ግዛው አጠገቤ አልነበረም። በእሱ ላላክክ አልችልም ነበር።

«አላውቅም» አልሁ።

ሰውየው ላቤንና እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ አየ። ካላወቅሁ ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ ምን አስሮጠኝ? ይህን አልጠየቀኝም። «እሺ» ብቻ ብሎ ፊቱን ወደ ጥዱ አዞረ። ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች መጥተው በቃሬዛ ወደ አገሩ ሲያወርዱት አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየም።

ከዚያ በኋላ ብስክሌት ለሰው ስሰጥ እስኪመለስ ድረስ ቆሜ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። ገበያ ለገበያ የሚዞረው ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሥራው ይብቃኝ አልሁ። አባቴ የተወልኝን ብስክሌትም ሸጥሁ። ግዛው ፈርታ ነው ማለቱ እውነት ነው። እሱ ያን ዕለት ማታ እራቱን በልቶ ተኝቷል፤ ጠዋት የጠየቀኝም ስለ ብስክሌቷ ነው።

የግዛው ጥፋት ይህ ነው፤ ጽፌዋለሁ፣ ልጆቹም ያንብቡት። የእኔንም ማንም ሳይጠይቀኝ ጻፍሁ። አልዩ አምባ ከዚያ ወዲህ ወርጄ አላውቅም። ዛሬ መንገዱ ተሠርቷል፣ ሚኒባስ አለ፣ የእህቴ ልጆች ለበዓል ሲወርዱ ነይ ይሉኛል፤ ወገቤን ያመኛል እላቸዋለሁ። ሰውየው በሕይወት ካለ በጣም ሸምግሏል። አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ያየኛል፣ ያንኑ «ታውቂ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ይደግምልኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን እንደምመልስለት እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም።