የአጎቴ አረር

አጎቴ የጥይት አረር የሚፈትኑት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነበር። እርሳስና ማጠንከሪያ ስታኞ አቅልጠው ያፈሰሱት አረር ሲቀዘቅዝ በጥፍራቸው ይጫኑታል። ጥፍሩ ጠልቆ ከገባ፣ «ይሄ ለስልሷል፤ አፈሙዙ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል» ብለው መልሰው ያቀልጡታል።

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ አንድ የመስቀል ሰሞን ሺሺንዳ ገበያ ላይ ቅል ተሰቅሎ ኢላማ ሲተኮስ፣ ክላሽ የያዙት ሚሊሻዎች ሁሉ ሳቱ። አጎቴም በአሮጌ ውጅግራቸው ተኩሰው ሳቱ። ሳቁባቸው።

«አንድ ልድገም። አሁን ከሳትኩ ይሄን ጠመንጃ ዳግመኛ አልነካውም» አሉና ቁጭ ብለው አፈሙዙን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ጀመር።

«ጋሼ፣ ልብስ እያጠቡ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ሚሊሻ።

«ጥቁር ባሩድ ጥላሸቱን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ካልጠረጉት አረሩን ያስታል» አሉት ሳይቸኩሉ።

ተኮሱ። ጭሱ ሲገለጥ ቅሉ የለም፤ ገመዱ ብቻ ይወዛወዛል! ሚሊሻዎቹ ራሳቸው ተሸክመው በገበያው መሀል አዞሯቸው።

ዛሬ ቦንጋ፣ በረንዳችን ላይ ይቀመጡባት የነበረችው ዱካ ባዶዋን ናት። ትናንት ግን መሳቢያቸው ውስጥ አንድ የቀረ አረር አግኝቼ በጥፍሬ ተጫንኩት። ጥፍሬ ታጠፈ እንጂ አረሩ ምልክት እንኳ አልያዘም።

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ እልል አልኩ።