ከባድ እጅ

ፍራውከ በክሮኒንገን ገጠር ባለች አንዲት መንደር አርባ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ከሁለት ቃል የተጋጠመ ረጅም ቃል ሲመጣ ልጆቹ ቃሉን እየቆረጡ ጭናቸውን ይመታሉ፤ መጀመሪያው ላይ ከባድ እጅ፣ የቀረው ላይ ቀላል። ኬርክ፣ ቶ፣ ረን፤ በአገሩ ቋንቋ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ማለት ነው።

ደግ ነበረች ብል እዋሻለሁ። ቃል ያቃተውን ልጅ ማንም እንዲረዳው አትፈቅድም። ሃርም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቃሉ አልወጣ ቢለው፣ ሱሪው ላይ እስኪሸና ድረስ ዝም ብላ ጠበቀችው። ያንን ቀን አልረሳችውም። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም፤ በዚያ መንደር የቆየ ነገር አይነሳም።

አሁን እሷ ሰማንያ አራት ሞልቷታል፣ ሃርም ስልሳ ስምንት። ስትሮክ መቶት አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ ሚስቱ ሂልየ ሞተችበት። በኖቬምበር ማብቂያ ባለው እሁድ ደግሞ በዓመቱ ያረፉት ሰዎች ስም በየቤተሰባቸው አፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጠራል። የጉባኤው ሽማግሌ እኔ ልጥራልህ ቢለው ሃርም እምቢ አለ። ፍራውከ ይህን ሰማችና በየጠዋቱ ምርኩዟን ይዛ ቤቱ እየሄደች የኩሽናውን ጠረጴዛ ታስመታው ጀመር። የሂልየ የአባቷ ስም ሞለንካምፕ ነበር። ሞ፣ ለን፣ ካምፕ። ሳምንት ሙሉ የወጣው “ሞ” ብቻ ነው።

እሁድ ደረሰ። ሃርም ሻማውን ለኩሶ ወደ ምእመኑ ዞረ።

“ሂልየ” አለ፣ ጥርት አድርጎ። የአባቷ ስም ግን አልወጣ አለው። ሽማግሌው ስሙን ሊያነብ ወረቀቱን አነሳ። ፍራውከ ያ ሰሌዳ ፊቷ ድቅን አለባት፤ አፈረች።

“ቆይ፣ አንተ ልጅ” አለችው የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ። ከዚያ የተቀመጠችበትን አግዳሚ በከባድ እጇ መታች።

ከኋላዋ አንድ ሰው ጭኑን መታ። ሌላው ተከተለ። እዚያ ከተቀመጡት አብዛኞቹን ፊደል ያስቆጠረቻቸው እሷ ናት፤ እጃቸው አልረሳም። ከባድ፣ ቀላል፣ ቀላል። ደግመው መቱ።

“ሞ… ለን… ካምፕ” አለ ሃርም፣ እንባው እየወረደ።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀችው።

“ያኔ ሰሌዳው ፊት ብቻህን አቆምኩህ። ይቅር በለኝ፣ ሃርም።”

ቃሉን ብዙ ፈለገ። አላጣደፈችውም። እጇን ይዞ አንድ ጊዜ ከበድ አድርጎ መታው።

“ዛሬ… እርስዎ… አብረውኝ… ቆሙ፣ መምህርት” አላት።