ከነላስቲኩ የተቀበረችው ወይራ

መካነ ሰላም ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ አንዱን ኮረብታ ስንት ጊዜ እንደተከልነው እኔም አላውቅ፣ ወረዳውም አያውቅ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሕዝቡን በአንድ ለአምስት አደራጅተን እናወጣዋለን፤ ችግኝ ይተከላል፤ ፎቶ እንነሳለን፤ በጋ ላይ ፍየል ይጨርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። በሪፖርት ግን ኮረብታው ጫካ ነበር። በወረቀት የተከልነው ሁሉ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለመድረስ መጥረቢያ ይዞ መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ስብሰባ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እናስተምራለን። ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ በትሕትና ያዳምጠናል። "ጥያቄ ያለው?" ስንል ማዳበሪያ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል።

አንድ ዓመት አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በልጆቹ ቁጥር ይትከል፤ ከየችግኙ አጠገብም የልጁ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ይቁም። ቆርቆሮውን ከባዶ የዘይት ጣሳ ቆርጠን ስሙን በምስማር ጫርንበት። አለቃዬ ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ በማግስቱ ሐሳቡ የእሱ ሆነ። "ለልጆቻችን አረንጓዴ አገር እናውርስ" የሚል ጨርቅም ተሰቀለ።

ያላሰብነው ነገር ቢኖር ሕዝቡ የጻፍነውን ከምር እንደሚወስደው ነው። ጥቅምት ሳይጋመስ "የእገሌ ልጅ ጠወለገች" የሚል ወሬ ተነሳ፤ ችግኟን ማለታቸው ነው። ልጅቷ ቤቷ ቁጭ ብላ ዳቦ ትገምጣለች፤ እናቷ ጀሪካን አዝላ ወደ ኮረብታው ትሮጣለች። ለዓመታት "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን" እያልን ደብዳቤ ስንጽፍለት የኖርነው ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ። ፍየሉን የለቀቀ አንድ ጎረቤት ከቅሬው፣ ከመንደሩ ዕድር፣ ከመባረር ለጥቂት ተረፈ። አንድ ሽማግሌ የገዛ በሬያቸውን "የልጅ ልጄን ቀነጠሰብኝ" እያሉ በዱላ ሲያሳድዱት በዓይኔ አይቻለሁ። እኛም "የኅብረተሰቡ ግንዛቤ አድጓል" ብለን ሪፖርት ላክን። ያደገውስ ፍርሃቱ ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ለፍርሃት የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየወሩ ትደውል የነበረችው ልጅ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። እናትየው በስሟ የተተከለችውን ወይራ "እሷ" እያሉ ነበር የሚጠሯት። ጠዋት ውኃ፣ ከሰዓት ውኃ፤ ከምንጩ እስከዚያ ደግሞ ዳገት ነው።

"እናቴ፣ ውኃ ሲበዛባትም ሥሯ ይበሰብሳል" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንተ ልጅ፣ ልጅ ውኃ ጠጥቶ በሰበሰ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

የካቲት ላይ በዚያ ሳልፍ ወይራዋን አየኋት። ደርቃለች። ቅጠሏን ስነካው ጣቴ ላይ ተፈረፈረ። እኔ ተምሬያለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ወይራና ሰው ምን አገናኛቸው እያልኩ ከባልደረቦቼ ጋር ስስቅ ነበር የከረምኩት። እናትየው ጀሪካናቸውን እንደያዙ ያንን ጭራሮ ሲያዩት ሲታየኝ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ መካነ ሰላም ሄዷል። ከችግኝ ጣቢያው በቁመት የምትመጥን ወይራ መርጬ መጣሁ፤ ደረቋን ነቅዬ አዲሷን ተከልኩና እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልኩ ወረድኩ።

በማግስቱ እናትየው ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ና እስቲ ተከተለኝ" አሉ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ከወይራዋ ሥር ጥቁር ላስቲክ መዘዝ አደረጉ። ችግኝ የሚፈላበት ላስቲክ ነው፤ ሲተከል ተቀዶ መውጣት አለበት። ይህንን በየዓመቱ ለሕዝቡ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። በጥድፊያ ከነላስቲኩ ቀብሬያታለሁ።

"ትናንት ከችግኝ ጣቢያው ወይራ ይዘህ ስትወጣ ታይተሃል። ባለሙያ ሆነህ ከነላስቲኩ ትተክላለህ?"

"ይቅር ይበሉኝ እናቴ። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"

"አብሽር። እኔም ሁለቴ ተክቻታለሁ።"

ከአጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"አባቷ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ሳያያት አያልፍም" አሉ። "ደርቃ ካያት እህል አይቀምስም። እሱም ሳይተካት አልቀረም መሰለኝ። እኔ ቀጥ አድርጌ የተከልኳት አንድ ቅዳሜ ብመጣ ወደ ጎን ዘምማ አገኘኋት።"

ላስቲኩን አብረን ቀድደን አፈሩን መለስን። ከዚያ ቀና ብለው "ያንተዋስ የት አለች?" አሉኝ።

እኔም አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከእናቷ ጋር ደሴ ነው የምትኖረው። በመክፈቻው ቀን ባለሥልጣናቱ መንገድ ዳር ሲተክሉ፣ እኔም በስሟ አንዷን ተክዬ ፎቶ ተነስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም። "እዚያ ታች ናት" አልኳቸውና ብቻዬን ወረድኩ። ከኮረብታው ሁሉ ያልታጠረው የእኛ የባለሥልጣናቱና የባለሙያዎቹ መስመር ብቻ ነበር። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከልጄ ስም አጠገብ የቆመው ፍየል የጋጠው ስንጥር ነው።

የሆንኩትን አልደብቅም፤ ሮጥኩ። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለነበር እያለከለክሁ ወጥቼ ደሴ ደወልኩ።

"ደህና ናት። ምን ሆነህ ነው?" አለች ባለቤቴ። "በሥራ ቀን ደውለህ አታውቅም እኮ።"

"ምንም" አልኩ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ ሁለተኛ ጥርሷ መውለቁን ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ማን እንደነቀለላት አልጠየቅኋትም፤ አፈርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አዲስ ችግኝ ተክዬ ጀሪካን ይዤ ከእናቶቹ ጋር ተሰለፍኩ። አለቃዬ አይቶኝ "አርአያ የሆነ ባለሙያ" ብሎ ሪፖርት ውስጥ አስገባኝ።

የእናትየው ልጅ ክረምቱ ሊገባ ሲል ደወለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀዋት ኖሯል፤ አሁን ሌላ ቤት ገብታለች። እናትየው ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔ ጀሪካኔን አስቀምጬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"በስምሽ ወይራ ተክለንልሻል" አሏት፣ ቁልቁል አዲሷን ችግኝ እያዩ። "ወላሂ ልጄ፣ አንድም ቀን ደርቀሽ አታውቂም።"