ጥጃዋ የጠባችበት ዜማ

ስልኬ የጠራው የኮምፒውተሩ ባትሪ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለ መብራት መጥፋቱን ሲናገር ነው። ጋምቤላ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ከክንዴ ጋር የሚያጣብቅበት ሰዓት። የደወለችው ላሊበላ ያለችው ታናሽ እህቴ ስንዱ ነበረች።

«እታለም፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። «ጋሼ ሞላ አረፉ።»

አማተብኩ። ነፍሳቸውን ይማር ልል አፌን ስከፍት የባትሪው ጩኸት ቀደመኝ። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት እሳቸው ዘንድ ነው።

ጋሼ ሞላ ከገበያ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነበራቸው። ገና ከደጁ የሞቀ ወረቀትና የቀለም ሽታ ሰውን ይቀበላል። ወለሉ አፈር ነው፤ አቧራው እንዳይነሳ ጠዋት ጠዋት ውኃ ይረጩታል። ጀርባው እንደ እንስራ የተነፋውን ኮምፒውተር ሥራ ሲጨርሱ ነጠላ ያለብሱታል፤ በማግስቱ እጃቸውን ታጥበው፣ አማትበው ይገልጡታል። በልጅነታቸው አባቴ ዘንድ ዜማ ጀምረው ነበር። «ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ የኔታ ራሳቸው ናቸው ወደ ወረቀት ያሰናበቱኝ» እያሉ ይስቃሉ።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደየአገራቸው ሲሄዱ የመምህራቸውን ድምፅ ይዘው መሄድ ይመኙ ነበር። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ዲያቆን ላፕቶፕና መቅረጫ ይዞ መጥቶ፣ አባቴን ግቢያችን ካለው ጥድ ሥር አስቀምጦ ትምህርቱን በየክፍሉ ቀዳው፤ ቅጂውንም ለጋሼ ሞላ ትቶ ሄደ። የዚያን ጊዜ ፍላሽ የሚይዘው ጥቂት ነው። ጋሼ ሞላ ፋይሎቹን በማሸጊያ ፕሮግራም ጠቅጥቀው አንድ ያደርጓቸውና «ስልቻ» ይሉታል።

«አየሽ ልጄ፣ ጠቅጥቀሽ አፉን ካሰርሽው ቦታ አይፈጅም» ይሉኛል። ተማሪዎቹም ፍላሹን ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አገር ለአገር ይሄዳሉ።

ከትምህርቶቹ አንዱ ግን እንከን ነበረበት። አባቴ እያዜሙ ሳለ እማዬ ከጓሮ «ኧረ ያቺን ጥጃ ያዙልኝ! ጠባች እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ወተቱ እንደሄደ ስታይ ደግሞ ራሷ ሳቀች። አባቴ ዞር ሲሉ መውጣት የነበረበት ዜማ ወረደ፤ ሳያስተውሉ ቀጠሉ። ያወቁት ዲያቆኑ ከሄደ በኋላ፣ ጋሼ ሞላ ቤት ሲያዳምጡት ነው። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ዜማ ግን ከመምህር አፍ እንደወጣ የሚያዝ ነው፤ የተሳሳተውን የተማረ የተሳሳተውን ያስተምራል።

«ሞላ፣ ይኼ ከእኔ አፍ ወጥቶ ሊዞር ነው?»

«ምን ቸገረዎ የኔታ፣ እንደገና ያዚሙት። የተለወጠውን ብቻ እንተካለን እንጂ ስልቻው ሙሉውን አይራገፍም።»

አባቴ በር ተዘግቶ እዚያው ቤት ውስጥ አዜሙት፤ ጋሼ ሞላም በራሳቸው ኮምፒውተር ቀዱት። ጋሼ ሞላ «አድስ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጡ። ፕሮግራሙ በስልቻው ውስጥ ያለውንና ከውጭ የመጣውን ፋይል ቀን አስተያይቶ፣ ከውጭ የመጣው አዲስ ከሆነ ብቻ በአሮጌው ቦታ ያስገባዋል። ሥራው ተፈጸመ ብሎ ጻፈ። በዚያ ዓመት የተመረቁት ሁሉ ቅጂያቸውን ይዘው ሄዱ፤ አባቴም እፎይ አሉ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ጎራ ብዬ ስልቻውን ፈትቼ ሳዳምጥ፣ የእማዬ ሳቅ መጣ።

«ጋሼ፣ እማዬ እኮ አሁንም ትጮኻለች!» አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። ደጋግመው አዳመጡ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለችውን ቀን አፍጥጠው አዩዋት። ኮምፒውተሩን ከገዙ ጀምሮ ዓመተ ምሕረቱን የሞሉት በእኛው አቆጣጠር ነበር፤ «ቤቱ የእኛ፣ ቀኑ የማን ሊሆን ነው?» ብለው። የዲያቆኑ ላፕቶፕ ደግሞ በፈረንጆቹ ይቆጥራል። ስለዚህ አባቴ ቆይተው ያዜሙት ለፕሮግራሙ ከዓመታት በፊት የተዜመ መሰለው፤ አሮጌ ነው ብሎ ከደጅ መለሰውና የተሳሳተውን አስቀረ።

«ማርያምን! ይኼ ማሽን የኔታን ጎረምሳ አደረጋቸው!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም፤ ሄደው መንገር ነበረባቸው።

አባቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። አልተቆጡም። «ሞላ፣ የወጣውን መልስልኝ» ብቻ አሉ።

እነሆ የጋሼ ሞላ ሥራ ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆነ። ገና በደረሰ ቁጥር፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከየአገሩ ሲጎርፍ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው የአባቴን ደቀ መዛሙርት በዓይናቸው ይለቅማሉ።

«አንተ! ስልቻህን አምጣ!»

«ጋሼ ሞላ፣ ዘንድሮስ ባዶ ነው፣ ዝናቡ አጠረን!»

«አምጣ ይልቅ፣ ቀልደኛ! የኔታን እንቅልፍ የነሳኸው አንተ ነህ።»

ተማሪው እየሳቀ ፍላሹን ከአንገቱ ያወልቃል። እሳቸውም በቀን የሚያስተያየውን ትእዛዝ ትተው የታረመውን ፋይል በእጃቸው ያስገባሉ፤ ፕሮግራሙ «ይተካ?» ሲላቸው «ይተካ እንጂ» ብለው ድምፅ አውጥተው ይመልሱለታል። ከዚያ ከፍተው ያዳምጣሉ። እማዬ ካልተሰማች ሥራው አልቋል። ያልመጡትን በሚሄድ ሰው ያስጠይቃሉ፤ የዲያቆኑም ቅጂ በዚሁ መንገድ ታረመ፤ አንዱን አሸተን ማርያም ድረስ ዳገቱን ወጥተው እንዳገኙት አስታውሳለሁ። አባቴ ሲታመሙ አጠገባቸው እየተቀመጡ ማንን እንዳገኙ ይነግሯቸው ነበር።

«ጥቂት ቢቀር ነው የኔታ።»

«ያ ጥቂት ነው እኮ ሞላ» ይሉ ነበር አባቴ።

እማዬ ያረፈችው ከአባቴ በኋላ ነው፤ እኔ ያኔ እዚህ ጋምቤላ ነበርኩ። ፎቶዋ አለን። ድምፅዋን ግን ማንም ቀድቶት አያውቅም፤ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ ዘመኗ አለፈ። አርባዋ ሲወጣ ያቺ ጩኸት ትዝ አለችኝና ለጋሼ ሞላ ደወልኩ። ሄደው ኮምፒውተሩን ፈተሹ። ከዚያ መልሰው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሥራዬን ጨርሼው ነበር እኮ» አሉኝ። «ከእኔም ዘንድ ተክቼዋለሁ። አንድ ሰው አምልጦኝ ይሆን እያልኩ ስንት ዘመን አዘንኩ። አሁን ግን ምነው አንድ ሰው ባመለጠኝ እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

አልወቀስኳቸውም። የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ የአባቴም ነፍስ በዚህ እንዳረፈች አምናለሁ።

«እስከ መጨረሻው ይጠይቁ ነበር» አለችኝ ስንዱ በዚያ ስልክ። «ባለፈው ገናም ደጃፍ ወንበር አውጥተንላቸው፣ 'ያልታደሰ የያዘ የለም ወይ?' ይሉ ነበር። አዲሶቹ ልጆች ግራ ይገባቸዋል።»

መብራት ተመልሶ ባትሪው ዝም አለ። ዛሬ በየደብሩ የአባቴ ዜማ ሳይዛነፍ የሚዜመው በጋሼ ሞላ ድካም ነው። ወንበራቸው ግን ባዶ ሆኗል፤ ጥያቄያቸውን አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ።

እናንተ በዚያ ዓመት የአባቴን ድምፅ አንገታችሁ ላይ አስራችሁ ከላሊበላ የወጣችሁ፣ ጋሼ ሞላ ያልደረሱባችሁ ካላችሁ፣ ሣጥናችሁን ፈትሹልኝ። ከተገኘ አደራ፣ አትማሩበት፤ ለማንም አታሰሙት፤ አባቴ አይወዱም። ግን አታጥፉት። የታረመው በእጄ አለ። ጥጃዋ የጠባችበትን ላኩልኝ።