ፕሮግራሙ የተቀየረ ዕለት

ሥራዬ ስክሪን ማየት ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያ እንደምሠራ የሰማ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ይበራል፤ ፊቴ እንደማይታይ ስነግረው ወሬውን ይቀይራል። ጣቢያው ሲያትል ካሉት አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። ማስታወቂያው በሰዓቱ መግባቱን፣ ድምፁ አለመቆራረጡን እከታተላለሁ። ምንም ነገር ካልተፈጠረ ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ማለት ነው።

እዚህ አገር የከተማ ጣቢያ የሚያሳየውን አብዛኛውን ነገር ራሱ አያዘጋጅም። ትልልቆቹ አገር አቀፍ ኔትዎርኮች ያዘጋጃሉ፣ ጣቢያው በኮንትራት ያስተላልፋል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሕንፃውም፣ የቻናል ቁጥሩም፣ ሠራተኛውም ባለበት ይቀራል፤ ሰው የለመዳቸው ፕሮግራሞች ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ ቁጥር ላይ ይሰፍራሉ። የእኛም ኮንትራት አለቀና ሳይታደስ ቀረ። ይህንኑ የሚገልጽ፣ በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፍ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያልፍ ሰነበተ።

አባቴ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሲታክ ባለው አፓርታማዬ አብረውኝ ይኖራሉ። ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። በየማለዳው የሚያዩት የእኛን ጣቢያ ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛ የተማሩትም ከጠዋቱ ፕሮግራም አቅራቢ ነው። ሰውየው ሰላምታ ሲሰጥ በአማርኛ አጸፋውን ይመልሱለታል። ያን ሰሞን ለዜግነት ቃለ መጠይቅ እየተዘጋጁ ነበር። አገር ቤት ያለውን ወንድሜን ለማምጣት ይፈልጋሉ፤ ወንድሜ ባለትዳር ነው፣ ባለትዳር ልጁ እንዲመጣለት ማመልከት የሚችለው ደግሞ ዜጋ የሆነ አባት ብቻ ነው። ስለዚህ ለፈተናው የሚጠናውን መቶ ጥያቄ እንደ ዳዊት ደገሙት። እኔ የጻፍኩትን የግርጌ ማስታወቂያ ግን ስለ አየር ጠባይ የሚናገር መስሏቸው አላነበቡትም።

የኮንትራቱ ማብቂያና የአባቴ ቀጠሮ አንድ ቀን ዋሉ። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እኔ ሌሊት ሥራ ገብቼ ሦስት ሰዓት ላይ ልጨርስና መጥቼ ልወስዳቸው ተስማማን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የኔትዎርኩ መስመር ተቋረጠ። አዲሱ ፕሮግራም ወዲያው ስላልገባ ሩብ ሰዓት ያህል የጣቢያውን ዓርማ ከሙዚቃ ጋር አቆየነው። ሙዚቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ተመልካች እንዳይረበሽ ብዬ ረጋ ያለ፣ ዘፈን የሌለበት ነገር መረጥኩ።

ስልክ ወደ ሥራ ክፍላችን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስወጣ አባቴ አስራ አንድ ጊዜ ደውለው እንደነበር አየሁ። ብደውል አያነሱም። መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም፤ ወድቀዋል ብዬ ነበር የፈራሁት።

በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። "አንቺ ነሽ?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀው ከፈቱልኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ተኩሼ የሰቀልኩላቸው ሱፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ተመልሷል፤ እሳቸው በቤት ልብሳቸው ናቸው። የባኞ ቤቱ ገንዳ ጢም ብሎ ውሃ ተሞልቷል። የቀጠሮው ደብዳቤና የጥያቄ ወረቀቶቻቸው ተቀዳደው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከትተውታል።

"መንግሥት ወድቋል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ በዕድሜያቸው ሁለት መንግሥት ሲወድቅ አይተዋል። ሁለቱንም ጊዜ ከሁሉ በፊት የተለወጠው ፕሮግራሙ ነበር፤ የለመዱት ድምፅ ይጠፋል፣ ሙዚቃ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ መግለጫ ይነበባል። በሁለተኛው ጊዜ የድሮው ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቤታቸው የተገኘባቸው ጎረቤት የደረሰባቸውን አይረሱትም። ያን ጠዋት ደግሞ ጉም ስለነበር ጣራችንን እየታከከ የሚያልፈው አውሮፕላን ለጊዜው ጠፍቷል። በእሳቸው ቤት ኤርፖርቱም ተይዟል።

መሳቅ ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ለከተማው ሁሉ የነገርኩትን ነገር አብረውኝ ራት ለሚበሉት አባቴ አልነገርኳቸውም። ሥራ ነው ብዬ እንጂ ወሬ ነው ብዬ አላሰብኩትም።

ስለ ኮንትራቱ አስረዳሁ። ሙዚቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ስልኬን ከፍቼ ያ አቅራቢያቸው በሌላ ቁጥር ላይ ሲስቅ አሳየኋቸው። የተቀረጸ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማላውቅም ጨመሩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ወንድሜም አብሮ ይቆያል። ትዕግሥቴ አለቀ።

"ኦኬ፣ አባባ፣ እርስዎ ይቅሩ። እኔ ሄጄ ቀጠሮውን ሪስኬጁል እንዲያደርጉልን እጠይቃለሁ" አልኩና ቁልፌን አነሳሁ።

ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሱፉን አወጡ፤ ክራባታቸውን አሰሩ። እኔ ደብዳቤውን ከኢንተርኔት እንደገና አተምኩት። መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር ግራና ቀኙን ያያሉ። ቱክዊላ ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ስንደርስ አምስት ደቂቃ ይቀረን ነበር።

እሳቸው ሲገቡ እኔ ውጭ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይተው ወጡ፤ አልፈዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ አሁን ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ነበር፤ ከመቶው ሁሉ ቀላሉ። አባቴ ለጠያቂዋ ሴትዮ መልስ ከመስጠታቸው በፊት በእንግሊዝኛ "ዛሬ?" ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ ስትስቅ ጊዜ የሚያውቁትን ስም ነገሯት፣ እሷም ምልክት አደረገች።

መኪናው ውስጥ ስንገባ የልቤ ደርሶ ነበር። እንግዲህ አሁን አመኑኝ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አሁንማ አመንኩ" አሉ ቀበቷቸውን እየፈለጉ።

"ስንመጣስ?"

"ስንመጣ አላመንኩሽም።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

"ብቻዬን እሄዳለሁ አልሽ" አሉኝ። "በሩ ላይ ወታደር ቆሞ ቢሆንስ?"