ሰባት ቀን በአንድ ክፍል

ባልና ሚስቱ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ጎረቤት ይቀናባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሚጣሉበት ጊዜ አልነበራቸውም። እሱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ማታ ወጥቶ ጠዋት ይገባል። እሷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። የሚገናኙት በር ላይ ነው። «ምሳህ ምድጃው ላይ ነው» ትለዋለች፤ «ዳቦው ትኩስ ነው» ይላታል፤ አበቃ። የእሷ ዕረፍት እሑድ፣ የእሱ ማክሰኞ። የቀረውን ጉዳይ ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ይጨርሱታል። የሰፈሩ ሰው «ፈረቃዎቹ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። አንዱ አፉ የማያርፍማ «ለመሆኑ ልጅቷን መቼ አገኛችኋት?» እያለ ሰዉን ያስቃል።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ሁለቱም በአንድ ዓመት ጡረታ ሲወጡ ከባሏ ጋር ተመካክራ የሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር ገዛችላቸው። ለእናቷ ግን ሌላም ነገር ነበራት።

«እማዬ፣ እኔ ጋ መጥተሽ ኑሪ። ሁለተኛው ልጅ እየመጣ ነው፤ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ። አባዬም ቢመጣ ደስታውን አልችለውም።»

አባትየው ከቤቱ ንቅንቅ እንደማይል ቁርጡን ተናገረ። እናትየው ነገሩን በሆዷ ይዛ አወጣች፣ አወረደች። ጡረታ ከወጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ሰውዬው አሁንም ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ቤቱን ሲዞር ያድራል። ብሄድ ምን ይቀርብኛል? አለች። እናም ለራሷ ቆረጠች፦ በእነዚህ ሰባት ቀናት ከዚህ ሰው ጋር የማወራው ነገር ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካጣሁ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ለእሱ ትንፍሽ አላለችም።

ስለ መርከብ ልጅቷ በስልክ ያላስተማረቻቸው ነገር የለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ብዙ ልብስ አትያዙ። የሚሰጣችሁ ካርድ በር ይከፍታል፣ ሲወጡም ሲገቡም ይታያል፣ እንዳይጠፋችሁ። ባሕሩ ካናወጣችሁ ከመርከቡ መሐል ተቀመጡና ሩቅ እዩ። ወደብ ላይ ስትወርዱ ሰዓታችሁን አስተካክሉ፤ መርከቡ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ያለችው ሁሉ አንድ በአንድ ሆነ። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ ሲቆም ሌላው አልጋ ላይ መውጣት ነበረበት። መጀመሪያ ቀን ለአደጋ ጊዜ ልምምድ ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ ብርቱካናማ መንሳፈፊያ ጃኬት አልብሰው እንደ ተማሪ አሰለፉት፤ ጋጋሪው በሰልፉ መሐል ቆሞ ያዛጋል። ምግቡ ከጠዋት እስከ ማታ አይነሳም። እሷም አመሏ አለቀቃትም፤ በነጋታው ጠዋት አልጋውን እንደ ሆስፒታል አልጋ ወጥራ አንጥፋ፣ ፎጣውን አጥፋ ደርድራ ጠበቀች። ክፍሉን የምታጸዳው ወጣት መጥታ ብታይ የሚሠራ ነገር የለም።

«እማማ፣ ኧረ እንጀራዬን አይቀሙኝ!» አለቻት እየሳቀች።

ወሬው ግን አልመጣም። እሱ ሌሊት ፎቁ ላይ ባሕር ሲያይ ያድርና እሷ ስትነቃ መጥቶ ይተኛል። በአራት ቀን ውስጥ ቀን ላይ የተናገረው ነገር ቢኖር «ዳቧቸው እርሾ በዝቶበታል» የሚል ነው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወቱ ሥር ወረቀት አገኘች። «ቁርስ በልቻለሁ። ባሕሩ ደህና ነው።» ይላል። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሆድ ባሳት። ልጅቷ ቀለም ያስቀባችውን ክፍል በልቧ ማየት ጀመረች።

አምስተኛው ቀን መርከቡ አንድ ወደብ ላይ ቆመ። «ዛሬ አትተኛም፤ አብረን እንወርዳለን» አለችው። ዓይኑን እያሸ ተከተላት። ትንሽ እንደሄዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና «እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አለ። እሷ ለልጅ ልጇ ጫማ መርጣ ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። እንቅልፉ አሸንፎት ወደ መርከቡ ተመልሶ ይሆናል ብላ ገመተች። ብቻዋን ከተማውን ዞረች።

መግቢያው ላይ ስትደርስ ጥበቃው ካርዷን አየና «ባለቤትዎ አልገቡም» አላት።

ክው አለች። ሰዓቱ ገፍቷል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ አልቋል። ሠራተኞቹ መሸጋገሪያውን ለማንሳት ተዘጋጅተዋል።

«እናቴ፣ ይግቡ፤ አምስት ደቂቃ ነው ያለን» አለ ጥበቃው።

«እሱን ሳልይዝ የትም አልገባም!» ብላ መሸጋገሪያው መሐል ቀጥ አለች። እንዲህ ብላ እንደምትጮህ እሷም አታውቅም ነበር።

ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሰውዬው ነፍሴ አውጪኝ እያለ ሲሮጥ ታየ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ክንዱ፣ ደረቱ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። የዳቦ ሽታ ስቦት አንድ ዳቦ ቤት ጓሮ ገብቶ፣ ቋንቋቸውን ከማያውቃቸው ጋጋሪዎች ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ በእጅ እያወራ ሊጥ ሲያሽ ውሏል።

«ሰዎቹ እኮ ሊጡን ሁለቴ ነው የሚያሳርፉት!» አለ እያለከለከ፣ ፊቱ በርቶ።

እሷ ያን የበራ ፊት ስታይ ደሟ ፈላ። በጥበቃው ፊት፣ ከላይ አንገቱን አስግጎ በሚያየው ተሳፋሪ ሁሉ ፊት ለቀቀችው።

«ከማታውቀው ሰው ጋር ሦስት ሰዓት! ከእኔ ጋር አምስት ቀን ተዘግቶብህ አንዲት ነገር የለህም! እኔ ግድግዳ ነኝ?»

«አንቺስ?» አለ እሱም ቱግ ብሎ። «አንቺስ መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? እናትሽ የሞተች ቀን እንኳ በወረቀት ነው የነገርሽኝ!»

«ተኝተህ ነበራ! እንዳልቀሰቅስህ ብዬ ነው!»

«ብትቀሰቅሺኝስ?»

መርከቡ ጥሩንባውን ነፋ፤ ጥበቃው ሁለቱንም እንደ ልጆች እየገፋ አስገባቸው። ጠቡም ተከትሏቸው ክፍል ገባ። እሷ አልጋ ላይ፣ እሱ በሩ ሥር ተቀምጠው ቀጠሉ። ልጅቷ ስትታመም ብቻዋን ሐኪም ቤት ያደረችበት ወጣ። ብስክሌቱን ሳትጠይቀው የሸጠችበት ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን አንኳኩታ ጩኸቱን ስትሰማ ቀስ ብላ ሄደች። እራት አለፋቸው። በመካከል እሱ እያለቀሰ መሆኑን አየች፤ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ በር ላይ የሚደርሰው ፊቱን ታጥቦ ነዋ። ዱቄቱን በፎጣ ጠረገችለትና «እሺ፣ ከየት ነበር ያቆምነው?» አለችው።

ቤት እንደገቡ ልጅቷ ደወለች።

«እማዬ፣ እንዴት ነበር? መቼ ልምጣ ልውሰድሽ?»

«አልመጣም የኔ ልጅ። ወልደሽ ስትተኚ አብረን መጥተን እንሰነብታለን። ለመኖር ግን አልመጣም።»

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ከአባትሽ ጋር ተጣልተን ነው።»

«ውይ! ታዲያ ከተጣላችሁማ ለምን አትመጪም?»

«አልጨረስንማ» አለች እናት። «ከሠርጋችን ማግሥት ጀምረን በተራ እየሄድን ነው። ገና ሰባተኛው ዓመት ላይ ነን።»