መንጋጋው ቀድሞ ያዘው

ባለቤቴ ተሾመ ጠዋት ዳቦ ሊጎርስ አፉን ከፈተና ግማሽ ላይ ቆመበት። «ጥርሴ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። እኔም ጥርስ ነው አልኩ።

ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ፒያሳ ከልብስ ስፌት ሱቁ ጀርባ የቀበሌ ጽዳት ዘመቻ ነበር። መቅረት ስለሚያስጠይቅ በቀጭን ሸራ ጫማ ወጣና ምስማር ወጋው። ቁስሉ ስለደረቀ ረሳነው። እኔ ደግሞ ቴታነስን ከማንም በላይ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አራት ኪሎ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የባክቴሪያውን መርዝ አይጥ የምወጋ ቴክኒሻን ነኝ። አይጧን እግሯ ላይ ስንወጋት መጀመሪያ የሚገተረው ያው የተወጋው እግር ነው። የተሾመ እግር እንደ ልቡ ይታጠፋል። ስለዚህ ቴታነስ አይደለም ብዬ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ወሰድኩት። ደህና ጥርሱን አስነቀልኩት። ሁለት ቀን አባከንኩ።

በሦስተኛው ቀን ጀርባው እንደ ደጋን ተለመጠ። ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ስለ አይጦቼ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ። «ሰው ላይ መንጋጋ ይቀድማል፣ እህቴ። የመርዙን ማርከሻ፣ አንቲቶክሲን፣ እንሰጠዋለን። ነርቭ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም።»

ክፍሉ ጨለማ ተደረገ። በር ሲንኳኳ ይገተራል። ሰው ሲያስል ይገተራል። ነርሷ ሲስተር አልማዝ ጫማዋን አውልቃ ነበር የምትገባው።

በአምስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ከበደ መጣ። የተሾመን የፈጠጠ ዓይን አይቶ «ይሄ ልጅ ራሱን አያውቅም። ለዕድሩ ንገሪ እንጂ፣ ድንኳኑን ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለኝ።

«ነገ ለዕድሩ ዳኛ እነግራለሁ» አልኩ፤ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ።

የተመረዘች አይጥ የአንጎል ቁራጭ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀም ስንት ጊዜ ለክቻለሁ። ከጤነኛዋ አይለይም ነበር፤ ስኳሩንም እንደ ጤነኛዋ ያቃጥላል። መርዙ የሚይዘው ጡንቻን የሚያዘውን ነርቭ ነው፤ ማሰቢያውን አይነካም። ይህን በገዛ እጄ መዝግቤዋለሁ። ዞር ስል ተሾመ እያየኝ ነበር። እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሲስተር አልማዝን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርፌ ከመውጋቷ በፊት ስሙን ጠርታ ትነግረው ነበር፤ እንደ ሰው የያዘችው እሷ ናት። እናንተም ምስማር ከወጋችሁ፣ ቁስሉ ቢደርቅም ተከተቡ። አፍ አልከፈት ካለ ጥርስ ነቃይ ዘንድ አትሂዱ፤ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። በሽተኛችሁ ባይናገርም ይሰማልና ልባችሁ ውስጥ ያለውን ሳይረፍድ ንገሩት። እኔ ጥፋቴን ልነግረው፣ ይቅር በለኝ ልለው አራት ቀን ነበረኝ። አፈርኩና ትራሱን ሳስተካክል ዋልኩ።